አንገትሽን ቀና አድርጊ

ይድረስ ለልጄ ለሚስጥር፣

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን፣ የአንካራ ብርድም አይድፈርሽ። እኛ ደህና ነን። ማለቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሽሮ ሜዳ ገበያው ቀዝቅዟል። ጎረቤታችን ቦሰና ወንድ ልጅ ወልዳለች።

ጥርስ ስትነቅዪ የተነሣሽውን ፎቶ ያየ ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ከነጩ ጋውን ይልቅ አንገትሽ ላይ ነው። በሽተኛው ላይ ድፍት ብለሽ፣ አንዱ ትከሻሽ ወጥቶ፣ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠ አባትሽን ቁርጥ!

አልነገርንሽም እንጂ ባለፈው ሳምንት አባትሽ ሲሸምን ማጉን የሚያሳልፍበት መወርወሪያ ከእጁ አመለጠው። ሳቅንበት። በማግስቱ የሻይ ብርጭቆ አመለጠው፤ ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ሐኪሙ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያጎነብስ የአንገቱ አጥንት ነርቩን ተጭኖታል አለን። አሁን ጣቶቹን በመርፌ ብወጋቸው እንኳ አይሰማውም።

አንቺ ደግሞ ስንደዋወል «ጣቴን ያደነዝዘኛል» ብለሽ እንደ ቀላል አለፍሽው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። እዚያ ለጥርስ ሐኪሞች ስለ አቀማመጥ የሚሰጣችሁን ስልጠናስ «የበሽተኛ ወረፋ በዝቶብኝ ቀረሁ» ማለትሽ ምን ማለት ነው? የበሽተኛው ወንበር ከፍ ይበል እንጂ አንቺ ለምን ትጎብጪያለሽ?

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ መንገድ ላይ ቀና ካልሽ፣ «ጨዋ ልጅ አንገቷን ትደፋለች» እያልኩ አሳደግኩሽ። ተሳስቻለሁ፣ ልጄ።

እባክሽ ስልጠናውን ውሰጂና ቀጥ ብለሽ የተቀመጥሽበትን ፎቶ ላኪልኝ። መንገድሽን እግዚአብሔር ያቅናልሽ፤ አንገትሽን ግን አንቺው ቀና አድርጊው።

እናትሽ አዲሳለም