የ«ሽርጥ» ደራሲ ጋሽ መርፌን አሸኛኘት አስመልክቶ ከስደተኛ ጸሐፍት ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ጋሽ መርፌ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ልብስ ሰፊና ደራሲ ማክሰኞ ጠዋት ሱቃቸው ውስጥ በሥራ ላይ እንዳሉ አርፈዋል። ማኅበራችን በመሥራች አባሉ ሞት የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ለአባላቱ፣ ለአንባቢዎቻቸውና ለአገር ልጆች ሁሉ ይገልጻል።

ጋሽ መርፌ በስደት በሁለተኛው ዓመታቸው ጠባብ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ከፈቱ። ሱሪ ሲያሳጥሩና ዚፕ ሲቀይሩ ውለው፣ ደንበኛ ሲጠፋ እዚያው የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ይጽፉ ነበር።

ከአሥር ዓመት በፊት «ሽርጥ» የተሰኘውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ባለታሪኩ በአገሩ የመጋዘን ኃላፊ የነበረ፣ በስደት ሥራ ያጣ አባወራ ነው። ሚስቱ ሥራ ስትውል ያበስላል፣ የልጁን ፀጉር ይጎነጉናል፤ የበር ደወል በተሰማ ቁጥር ግን ሽርጡን ፈትቶ ሶፋው ሥር ይወሽቃል። ሰውየውን የሚያሳፍረው ሥራው ሳይሆን፣ «ወንድ ልጅ እንዲህ አያደርግም» እየተባለ ማደጉ መሆኑን መጽሐፉ ያለ ስብከት ያሳያል።

መጽሐፉ በወጣ ሰሞን ሦስት አባወራዎች በየተራ ሱቃቸው ድረስ ሄደው «የጻፍከው እኔን ነው» ሲሉ ወቅሰዋቸዋል። ጋሽ መርፌ የሁለቱን ቤት ደጃፍ እንኳ ረግጠው አያውቁም። መልሳቸው «እኔ የጻፍኩት አንድ ሰው ነው፤ እናንተ ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ» የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት የማኅበረሰቡ አዳራሽ ኮሚቴ፣ ወንዶቻችንን አሳንሷል በማለት መጽሐፉን ከአዳራሹ የመጻሕፍት መደርደሪያ አወረደው። ጋሽ መርፌ በኋለኞቹ እትሞች አንድም መስመር አልቀየሩም። እንዲያውም ለአባቶች የጽሑፍ ክበብ አቋቋሙ። ከወቃሾቻቸው አንዱ በዚህ ክበብ አልፈው ዛሬ የማኅበራችን አባል ናቸው።

ለሽኝቱ አዳራሹን ጠይቀን ኮሚቴው ትናንት በላከልን መልስ እንደሚፈቅድ ገልጾ፣ ከ«ሽርጥ» ግን ምንም እንዳይነበብ አሳስቧል። ማኅበራችን ይህን ቅድመ ሁኔታ አይቀበልም። ነርስ የሆኑት ባለቤታቸውም «መጽሐፉን ካላነበባችሁ ማንን ልትሸኙ ነው?» ብለውናል። ቅዳሜ በሽኝቱ ላይ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ በትልቋ ልጃቸው ይነበባል። አዳራሹ ከተከለከለ በሩ ፊት ለፊት፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ይነበባል።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለክበቡ አባቶችና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። የንባብ ክልከላው እንዲነሳ ባቀረብነው ጥያቄ ላይ ኮሚቴው ዓርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ይወስናል።