ዙሩን አቋርጫለሁ፤ እባክዎ ይመኑኝ

ለክቡር አቶ ወልደ ጊዮርጊስ
የከተማችን የዲስክ ጎልፍ አስፋፊ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሰላ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ድምፅዎ እንደዚያ ቅዳሜ ጠዋት የማይደክም፣ ወንበርዎም ከጭላሎ ንፋስ የተከለለ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ከጠየቁ ግን ደህና አይደለሁም፤ ይህን የምጽፈው በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል፣ የመምህራን ማረፊያው መስኮት ላይ ወረቀቱን አስደግፌ፣ ቆሜ ነው። አርፎ መቀመጥ ካቃተኝ ሳምንት ሆነኝ። ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ ሁለት ጊዜ አመልክቼ «ቀጠሮ ይጠብቁ» ተብያለሁ፤ የምጠብቅበት ቀን ስለሌለኝ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ወይንሸት ይርሳው እባላለሁ፤ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ናቲ የሚሠራው ጢቾ ነው፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጃችን ቢታንያም እዚያው ከአያቷ ጋር ናት፤ እኔን ሥራዬ አሰላ ላይ አስሮኛል። ልጄ ጡት ከተወች ጀምሮ ዝውውር ስለምን ቆይቼ፣ ዘንድሮ እግዜር ብሎ ጢቾ አንድ የባዮሎጂ መምህር ቦታ ተገኘ። ቦታው የሚጠብቀኝ እስከ ፊታችን ዓርብ ብቻ ነው። ወረቀቴ ሁሉ አልቆ አንድ ፊርማ ሲቀረው ከእርስዎ ኮሚቴ ደብዳቤ መጣ፤ «መምህርት ወይንሸት በመክፈቻው ውድድር አሥራ ስምንቱንም ቅርጫት አጠናቀው ከሴቶች ሦስተኛ በመውጣታቸውና ለከተማው ቡድን በመመረጣቸው ዝውውራቸው ላልተወሰነ ጊዜ እንዲዘገይ» የሚል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስፖርተኛ መሆኔን እኔ የሰማሁት ከሰው ኃይል ክፍል ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ያን ዙር አልጨረስኩም። ሰባተኛው ቅርጫት ላይ ጥዬው ሄጃለሁ። ይህንኑ ለጸሐፊዎ ለወይዘሪት ፀዲ ባስረዳት፣ ምስጋና ይግባትና፣ ያቋረጥኩበትን ምክንያት በዝርዝር ጽፌ እንዳመጣ፣ አሳማኝ ሆኖ ከተገኘም እንደሚታይልኝ ነገረችኝ። አይ ጉድ! ሰው ለመጨረሱ ማስረጃ ሲጠየቅ አውቃለሁ፤ ላለመጨረሷ ማስረጃ የተጠየቀች ግን የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ምክንያቶቼ እነሆ።

፩ኛ፦ ሰዓቱ። ጥሪው ጠዋት ሁለት ሰዓት ይላል፤ በፈቃደኝነት መሆኑንም ይገልጻል፤ የሚቀር ሰው ስሙ እንደሚመዘገብም ይጨምራል። በሁለት ሰዓት ሜዳው ላይ የተገኘነው መምህራን፣ ጥቂት የመዝገብ ቤት ሠራተኞችና ንፋሱ ነበርን። ክቡርነትዎ በአራት ሰዓት ደርሰው፣ ጨዋታው የፕላስቲክ ሳህን ወርውሮ ምሰሶ ላይ ከቆመ ባለሰንሰለት ቅርጫት ማስገባት እንደሆነ፣ በትንሽ ውርወራ የጨረሰም እንደሚያሸንፍ፣ ይህችኑ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ተኩል ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ሯጭ በሚፈልቅበት አገር ላይ ቆሞ መጠበቅን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

፪ኛ፦ ሳህኑ። ለአራት ሰው አንድ ሳህን ነው የደረሰን። አንዱ ወርውሮ፣ ሮጦ፣ ፈልጎ እስኪያመጣው ሦስታችን በጥቅምት ብርድ እጃችንን ስናፋትግ ቆየን፤ አንድ ቅርጫት ለማለፍ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብን ነበር።

፫ኛ፦ ገብሱ። ስድስተኛው ቅርጫት የተተከለው የወይዘሮ አስያ ማሳ ጥግ ላይ ሲሆን ገብሳቸው ለአጨዳ ደርሷል። ንፋሱ ሳህኔን አንሥቶ መሐል ማሳው ውስጥ ጣለው። የውድድሩ ተቆጣጣሪ ገብቼ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ ወይዘሮ አስያ ደግሞ ዱላቸውን ተደግፈው ዳር ላይ ቆመዋል። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ እንደ ልጃቸው ቆጥረውኝ፤ «ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው ሳህን ወርውሮ መልሶ የሚፈልገው ቤቱ ሥራ የለውም እንዴ?» ክቡር ሆይ፣ ጥያቄው ለኮሚቴው ስለሆነ እንዳለ አስተላልፌያለሁ። በመጨረሻ ሳህኑን ያወጡልን እሳቸው ናቸው፤ ገብሱን በእጃቸው ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ገብተው፣ አንድ ዛላ ሳይሰብሩ። ሲያቀብሉኝ አፈርኩ። ለዚያ ቦታ መረጣ ያለዎትን ጥልቅ ጥናት ሳላደንቅ ማለፍ ግን ነውር ይሆንብኛል።

፬ኛ፦ የጢቾ መኪና። የመጨረሻው መኪና ከመናኸሪያ የሚወጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ልጄን የማያት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሲሆን፣ ያ ቅዳሜ የእኔ ቀን ነበር። ሰባተኛው ቅርጫት ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰዓቴን አየሁ፣ ሳህኑን አየሁ፣ እንደገና ሰዓቴን አየሁ። ሳህኑን ለተቆጣጣሪው አስረክቤ፣ በሰው ፊት «አቋርጫለሁ» ብዬ፣ ደረቴ ላይ የለጠፉልኝን ቁጥር እንኳ ሳልነቅል እግሬ አውጪኝ አልኩ። ምስክር ከተፈለገ መናኸሪያ ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር አለ፤ ሲያየኝ የማን ሯጭ ነሽ ብሎኛል።

ጢቾ ጀምበር ሳትጠልቅ ደረስኩ። ልጄ ከአያቷ ቀሚስ ሥር ብቅ ብላ አየችኝና «ቲቸር መጣች» አለች። በቤቱ ሁሉም ሰው «ቲቸር መጣች» ሲል ስለምትሰማ ስሜ እሱ መስሏታል፤ እማ የምትለው አያቷን ነው። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ይህን ለኮሚቴ መጻፍ ያሳፍራል። ሆኖም አሳማኝ ምክንያት አምጪ ስለተባልኩና ከዚህ የበለጠ ስለሌለኝ ጻፍኩት።

፭ኛ ምክንያትም ነበረኝ፤ ደወል ስለተደወለና ተማሪዎቼ ስለሚጠብቁኝ ትቼዋለሁ።

(ክፍለ ጊዜው አልቆ ተመልሻለሁ።) አሁን ምስጋናዬን ላቅርብ። ስድስት ቅርጫት ለማስገባት አርባ አንድ ጊዜ የወረወርኩ ሴት፣ አሥራ ስምንቱን በሰባ ሁለት ውርወራ እንደጨረስኩ ተደርጎ መመዝገቡ ከአቅሜም ከሕልሜም በላይ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል፤ የእርስዎ ኮሚቴ ግን ለቅሞ፣ ቆጥሮ፣ ማኅተም መትቶ አሳይቶናል። ከሴቶች ሦስተኛ መባሌም ኩራቴ ነው፤ የተወዳደርነው ሴቶች በጠቅላላው ሦስት መሆናችንን ሳይጠቅሱ ስላለፉልኝ ውለታዎን አልረሳም። ክቡርነትዎ ለዞን በላኩት ሪፖርት ላይ ተሳታፊዎች መቶ በመቶ አጠናቀዋል እንዳሉም ሰምቻለሁ፤ የእኔ አቋርጣለች መባል ያንን ያማረ መቶ እንደሚያበላሽብዎ ይገባኛል፣ አዝንልዎታለሁም። ነገር ግን አንድ ቁጥር እንዳይጎድል ተብሎ አንዲት ሕፃን እናቷን ቲቸር እያለች ትደግ ማለትን ከክቡርነትዎ አልጠብቅም። ወልደው አሳድገዋል፤ የሰው ልጅ ስንት ጊዜ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንደሚሆነው ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

የምለምንዎ አንድ ቃል ነው፦ «አቋርጣለች።» ቢያሰኝዎ ሰነፍ ናት፣ ሥነ ሥርዓት ይጎድላታል፣ ለስፖርት ፍቅር የላትም ብለው ያክሉበት፤ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ይለጥፉት፣ አልከፋም። ብቻ ከቡድኑ ሰርዘው፣ ፈርመው፣ ከዓርብ በፊት ለሰው ኃይል ክፍል ያድርሱልኝ። በየዕረፍቱ ደጅዎ ድረስ እየመጣሁ የተዘጋ በር ሳይ ውዬ እመለሳለሁ፤ ሌሊቱም አልነጋ ብሎኛል። እባክዎ።

ክብርዎ ከፍ፣ ንግግርዎ አጠር፣ ብዕርዎም ፈጠን እንዲል ጎንበስ ብዬ እየተመኘሁ፣

ከሴቶች ሦስተኛዋ፣ ከእናቶች መጨረሻዋ፣
ወይንሸት ይርሳው

ግልባጭ፦
ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ
ለወይዘሮ አስያ (በቃል የሚነገር)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምናልባት ምክንያቶቼ አሳማኝ ሆነው ካልተገኙ አልከራከርዎትም። የፊታችን ቅዳሜ የዞን እንግዶች ሜዳውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ስለሰማሁ፣ በእነሱ ፊት ካቆምኩበት ከሰባተኛው ጀምሬ ዙሬን ልጨርስ ተዘጋጅቻለሁ። እስከ መጨረሻው የተጫወተው ባልደረባዬ መምህር ከዲሮ እንደነገረኝ ግን የተተከለው ቅርጫት አሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገደል ሲሆን ሰውም እዚያው የታደለውን ለስላሳ ጠጥቶ ተመልሷል። ስለዚህ አሥራ አንደኛውን ካስገባሁ በኋላ ሳህኑን ወዴት እንደምወረውረው፣ ክቡርነትዎ ከእንግዶቹ አጠገብ ቆመው በጣትዎ ቢያመለክቱኝ ይበቃኛል።