ቦይለር ለሚያፈስበት ቤት ስለተላኩ ሦስት ሽማግሌዎች

ለክቡር አቶ ዓምደሚካኤል፣
የምንኖርበት ቤት ባለቤትና የስፕሪንግ ቫሊ የአገር ልጆች መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር ያለው መኖሪያዎ እንደተለመደው ሞቃት፣ ወለሉም ደረቅ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከማሞቂያው ቦይለር ጉዳይ በቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ የዋሉልን ውለታ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

፩. ቦይለሩ ማፍሰስ የጀመረው በገና ሰሞን ነበር። ስልክ ስደውልልዎ ከሥሩ ሳፋ እንዳስቀምጥ መከሩኝ። ስለ ምክሩ እናመሰግናለን። ሳፋው በየአራት ሰዓቱ ስለሚሞላ እኔና ባለቤቴ ሳምራዊት የሥራ ሺፍታችንን በሳፋው ልክ አስተካክለናል። እሷ ከካዚኖ ሥራዋ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ በር ላይ ስንገናኝም የምንጠያየቀው ሳፋው መቼ እንደተደፋ ነው። ትዳራችን ይህን ያህል መግባባት ኖሮት አያውቅም።

፪. ከቦይለሩ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው ክፍል የአማቴ የወይዘሮ ኤልፍነሽ ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ውሃው በግድግዳው ሥር አልፎ ምንጣፋቸው ውስጥ ገብቷል። ቦይለሩን ስናጠፋው ይበርዳቸዋል፤ ስናበራው ይረጥባቸዋል። ሐኪማቸው ደረታቸውን አዳምጦ በአስቸኳይ ከዚያ ክፍል እንዲወጡ አዘዘ። ሌላ ክፍል እንደሌለን፣ ቤቱን የሠሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ይህንኑ ቴክስት ባደርግልዎ የተጋጠሙ ሁለት እጆች ምስል ላኩልን። ጸሎትዎ ደርሶናል።

፫. በመጨረሻ የኪራይ ውሉ እንደሚያዘው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማሳሰቢያ በፖስታ ላክሁልዎ። የቧንቧ ሠራተኛ ስንጠብቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ ላኩልን፤ አቶ ኃይለማርያምን፣ አቶ ይልማንና መምህር ኤልሳዕን። አንዳቸውም መፍቻ አልያዙም። እንደ ወጉ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ውሃው ያን ጊዜ ሳሎን ደርሶ ስለነበር ሦስቱም እግራቸውን ከምንጣፉ አንሥተው ተቀመጡ። የመጡት ግን ለቦይለሩ አልነበረም። ሰው እንዴት የአገሩን ልጅ በእንግሊዝኛ ይከሳል የሚለውን ሊመረምሩ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ መረመሩ። በመካከሉ አቶ ይልማ ይህ የሚሰማው ድምፅ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ ጠብታው ነው ስላቸው አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርስዎን በየትኛውም መሥሪያ ቤት ላልከስ ቃል ገባሁ፤ ተመረቅሁ። ቦይለሩ በእርቁ ስላልተካተተ ማፍሰሱን ቀጠለ።

ክቡር ሆይ፣ ቃሌን እንደጠበቅሁ በዚህ ደብዳቤ አረጋግጥልዎታለሁ። የትም አልከሰስሁም። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ ቃል ያስገቡት እኔን ብቻ ነበር። ከበሩ ወዲያ ተኝተው፣ እየሳሉ፣ ሁሉን ይሰሙ የነበሩትን ወይዘሮ ኤልፍነሽን ማንም አልጠየቃቸውም። እሳቸውም ሰኞ ዕለት ስልክ አንሥተው ወደ ካውንቲው መስተዳድር የቤቶች ቁጥጥር ክፍል ደወሉ፤ አስተርጓሚ ጠየቁ፤ ሰጧቸው። ከሥራ ስገባ ምን እንዳደረጉ ነግረውኝ፣ መደንገጤን ሲያዩ የጨመሩት ይህን ብቻ ነው፦

«ልጄ፣ የታረቅኸው አንተ ነህ። እኔ ከማንም አልታረቅሁም።»

የቤት ተቆጣጣሪው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል። እርስዎም እንዲገኙ በትሕትና እንጋብዛለን። ለተቆጣጣሪው ሽማግሌ ለመላክ ቢያስቡ ግን እንግሊዝኛ የሚችሉ ቢሆኑ ይመረጣል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ በተለይም በእኛ ችግር ላይ ስለታገሡት ትዕግሥት፣ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ሳፋው ሊሞላ ስለሆነ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የታረቀው ተከራይዎ፣
ወንድይራድ

ማስታወሻ፦ መምህር ኤልሳዕ ሲወጡ የራሰ ካልሲያቸውን አውልቀው እኛ ዘንድ ትተዋል። አጥበን ወይዘሮ ኤልፍነሽ ክፍል ውስጥ ሰቅለነዋል፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ አልደረቀም። ሐሙስ ሲመጡ ይውሰዱላቸው። እንደ ወጉ ጫማዎን በር ላይ እንዲያወልቁም በአክብሮት እናሳስባለን።