ለኡስማን በፕላዝማ የመሰከርኩበት ሳምንት

ሰኞ

የምመሰክረው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ጠዋት። መጥሪያው እጄ ከገባ ጀምሮ እህል አላሰኘኝም።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። መንገዱ እንዲህ በማያስተማምንበት ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቀርቶልኝ፣ እዚሁ አሶሳ ፍርድ ቤት ፕላዝማ ክፍል ቁጭ ብዬ እንድመሰክር ተፈቅዷል። እዚህ እናገራለሁ፣ እዚያ በቴሌቪዥን ያዩኛል። ጭንቄም ይኸው ማየታቸው ነው። ቃል እምቢ ሲለኝ፣ አፌ ተከፍቶ ሲቀር፣ በዚያ ሁሉ ስክሪን ላይ።

እንተባተባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። በጽሑፍ ግን አልንተባተብም፤ ለዚህ ይሆናል ማታ ማታ የምጽፈው።

ኡስማን የጤና ጣቢያችን ሾፌር ነው። እኔ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። አምና ዕቃ ልናመጣ አዲስ አበባ ሄደን ሳለ ከቆመ አይሱዙ ኋላ አንድ ሞተረኛ ድንገት ገባብን። ልጁ በሕይወት ተረፈ፣ እግሩ ግን ክፉኛ ተሰበረ። ሾፌሩ ስልክ ያወራ ነበር የሚል ምስክር ተገኘና ኡስማን ተከሰሰ። በዋስ ቢለቀቅም ከአዲስ አበባ እንዳይወጣ ታገደ፤ ይኸው ወንድሙ ቤት ተቀምጦ ስንት ወሩ። ሚስቱ ሐሊማና ልጆቹ እዚህ ናቸው። ጋቢና አብሬው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የሚይዙኝ ፊደሎች፦ መ። ከ። ሲብስብኝ ተ።
መኪና። መንገድ። መሪ። ከተማ። ተከሳሽ።
ታዲያ ምን ቀረኝ?

ማክሰኞ

የኡስማን ጠበቃ ደወለችልኝ። ጥሩ ሰው ትመስላለች፣ ትቸኩላለች ግን። «መንገዱ» ልል ስል መ ላይ ተገተርኩ። «ሃሎ? ሃሎ? ኔትወርኩ ነው» አለችና ዘግታ እንደገና ደወለች። አዎ፣ ኔትወርኩ አስቸግሯል አልኳት። ይቺን ሳትይዘኝ አልኳት! ስንት ዓመት ኔትወርኩን ስከስ ኖሬ ለምጄዋለሁ።

ምክሯ አጭር ነው። የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ያላዩትን አላየሁም ይበሉ። ከዳኛዋ ጋር እንዳይከራከሩ።

ማታ ሐሊማ መጣች። ማንጎ በፌስታል ይዛ። አልቀመጥም አለች። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሁሉ ለሷ ዶክተር ነው።

«ዶክተር፣ ያን ቀን የደወለ እኔ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል። «ፋጡማ ታመመ፣ ትኩሳቱ ከፍ አለ፣ እኔ ፈራ። ለአባቱ ደወልኩ። አደጋው ያኔ ነው።» ፋጡማ ትንሿ ልጃቸው ናት። ሐሊማ ይህን ሁሉ ወር ይዛው ኖራለች፤ ለኡስማን እንኳ አንሥታበት አታውቅም።

ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። «ስልክ የሚባል አታንሣ። ወላሂ፣ ስልክ ካልህ ኡስማን ታሠረ።»

አስታውሳለሁ። ስልኩ ከመሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጮኸ። ኡስማን አልነካውም። ዓይኑንም አልጣለበትም። ይህን ነው ያየሁት።

«ከጠየቁኝ እናገራለሁ» አልኳት። «ጮኸ፣ ግን አላነሣም እላለሁ።» ይህችን ለመናገር ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ደህና እደር እንኳ ሳትል ወጣች። ማንጎዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አልነካኋቸውም።

ረቡዕ

መስመሩን ለመሞከር ፍርድ ቤት ሄድኩ። የኮምፒውተር ባለሙያው ማይክራፎኑ ፊት አስቀምጦኝ «ጋሼ፣ እስከ ዐሥር ይቁጠሩልኝ» አለኝ። ቆጠርኩ። አንዷም ሳትይዘኝ! ቁጥር ሁልጊዜም አይዘኝም፣ ዘፈንም እንዲሁ። ምስክርነቱን ዘፍኜ ብጨርሰው።

ነጭ ሸሚዝ እንዳልለብስ ነገረኝ፣ ብርሃን ያንጸባርቃል። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ልቤ ደስ አለው፣ አልዋሽም። ነገም እንዲህ ቢጠፋ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ጀነሬተሩ ተነሣ።

ስመለስ በገበያ በኩል አለፍኩ። ሐሊማ ማንጎዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ቤት ገብቼ ቃሌን ስለማመድ ራሴን በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ። መጀመሪያ ሳየው ልሰብረው ነበር። ሁለተኛው ተሻለ። ለመኪና ፒክአፕ እላለሁ። ለከተማ አዲስ አበባ። ለመሪ ምን ልበል? ለመሪ ሌላ ስም አጣሁለት።

አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነው። ስለ ስልኩ ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ፣ ደህና። ቢጠይቁኝስ? ሐሊማ እዚያው ክፍል ውስጥ ብትሆንስ? ሦስት ልጆች አሏት።

ሐሙስ

አለቀ።

ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ሐሊማ መጥታለች፣ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ሲበራ ዳኛዋ ታዩኝ፤ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ከታች ኡስማን። ከስቷል! ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። ከበስተኋላው ክራንቹን አግዳሚው ላይ ያስደገፈ ልጅ ተቀምጧል። ያ ሞተረኛ ነው። በሱ በኩል አስቤበት አላውቅም ነበር።

መሐላው ላይ ያዘኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዳኛዋ ወደ ጎን ዞረው «አሶሳ፣ ትሰሙናላችሁ? ምስሉ ቆሟል» አሉ። እዚህ ያለው ባለሙያ ብድግ ብሎ ገመዱን መነካካት ጀመረ።

ዝም ብል ኖሮ መስመሩ ተበላሸ ተብሎ ቀጠሮ ይሰጥ ነበር። ለኡስማን ሌላ ወር።

«ምስሉ አልቆመም፣ ክብርት ዳኛ» አልኩ። «የቆምኩት እኔ ነኝ። እ-እንተባተባለሁ።»

እንዲህ ብዬ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። የሳቀ የለም። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና «ቀስ ብለው ይናገሩ፤ እንጠብቅዎታለን» አሉኝ። ጠበቁኝም።

ያየሁትን ተናገርኩ። አይሱዙውን፣ ሞተሩን፣ ፍሬኑን። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

«ከአደጋው በፊት ስልክ ጮኾ ነበር?»

ከኋላዬ የሐሊማ አግዳሚ ሲጢጥ አለ።

«ጮኾ ነበር።»

«አነሣው?»

«አላነሣውም።»

«በምን እርግጠኛ ሆኑ?»

«ሁለት እጆቹ መ… መ…» ያች ቃል። ችሎቱ ሁሉ ቆሞ ጠበቃት። «መሪው ላይ ነበሩ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ በራሱ ነው ያቆመው።»

ዐቃቤ ሕጉ ተቀመጠ። ፍርዱ ለነገ ከሰዓት ተቀጠረ።

ደጅ ስንወጣ ሐሊማ አላናገረችኝም። ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

ኋላ ጠበቃዋ ደወለች። ለካ የቴሌው ማስረጃ ቀድሞ መዝገቡ ውስጥ ገብቷል፤ ጥሪ እንደነበረና እንዳልተነሣ ያሳያል። «ስልክ አልጮኸም ብለው ቢሆን ኖሮ ሌላውንም ቃልዎን ማን ያምንልን ነበር?» አለችኝ።

ዓርብ

ጠዋት ሥራ ገባሁ። አንዱን የደም ናሙና ደጋግሜ አየሁት፣ ልቤ እዚያ አልነበረም።

ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ጠበቃዋ ናት። «በነፃ ተሰናብቷል!» ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ደገመችልኝ።

ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ገበያ ሮጥኩ። ሐሊማ ሰምታለች። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በበርታኛ ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ መሀል መሀል አልሐምዱሊላህ ትላለች። ስታየኝ ዘንቢሏን ገፋ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ስልኩን ሰጠችኝ። ኡስማን «ወንድሜ» አለኝ፣ ከዚያ ሌላ ብዙም አልተነጋገርንም። መልሳ ወሰደችው። ጥቂት እንዳወሩ ድምጿ ተለወጠ፤ ተቆጣችና ዘጋችው።

ምነው አልኳት።

«ነገ አይመጣም። ወደዚያ ሞተረኛ ልጅ ቤት ይሄዳል። የልጁ እናት ፍርድ ቤት ውጭ አገኘው፣ አናገረው። እግሩ እንደገና ኦፕራሲዮን አለ። እኔ ቶሎ ና አልኩ። እሱ ሳልጠይቀው አልመጣም አለ።»

ትክክል ነው እንዳልላት ስንት ወር ጠብቃዋለች። ያ ልጅ ክራንቹን ይዞ ዓይኔ ላይ አለ።

ሐሊማ ማንጎዎቿን ትደረድር ጀመር። ከዚያ በድንገት ቀና አለች።

«ባዶ እጅ ይሄዳል እንዴ?» አለችኝ፣ እኔ የላክሁት ይመስል። ስልኳን አንሥታ መልሳ ደወለችለት።

ለታማሚው ምን ገዝቶ እንደሚሄድ ሲነጋገሩ ትቻቸው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።