ለአበልጅዎ የላኩት ቅርጫት

ለተከበሩ አባቴ ለዶን ኤውሴቢዮ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እጅ እነሣለሁ። በዚህ በውርጭ ወራት ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እናቴንስ ሳሉ ለቀቃቸው? የላይኛው ማሳ ድንች ብርዱን ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ አንገቴንም አልደፋሁም።

በዩኒቨርሲቲው ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት መወዳደሬን ያውቃሉ። ዶክትሬቴን ከያዝኩ ወዲህ ያንኳኳሁት በር ሁሉ «ማን ላከሽ?» እንጂ «ምን ታውቂያለሽ?» አላለኝም። ይህ ቦታ ግን በውድድር የሚሰጥ ስለሆነ ተስፋ አደረግሁበት። እርስዎ ደግሞ የክርስትና አባቴ ዶክተር ሌዮንሲዮ ከፈታኞቹ አንዱ መሆናቸውን ሰምተው እናቴ በማድ ቤት ካረቧቸው ጥንቸል መሰል ኩዮች ሁለቱን አስጠብሰው፣ ከድንች ጋር በቅርጫት በአጎቴ ልጅ በሩፊኖ እጅ ላኩላቸው። እሳቸውም አስጠርተውኝ፣ «አባትሽ አበልጅነት የገባው ሰው ነው! ነገ እንዲያው ለወጉ ብቅ በይ፤ ቦታው ያንቺ ነው» አሉኝ። ስጦታው ይመለስ ብላቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ኩይ በልቶ የሞተ አለ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ቅርጫቱን አንሥቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ በፈተናው ደጃፍ ኤድልሚራ የምትባል ተወዳዳሪ አገኘሁ፤ ሕፃኗን አዝላ ከፑኖ የመጣች ናት። «ቦታው ባለቤት አለው ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ እኅቴ?» ብትለኝ ፊቴ ነደደ። ቀድሜ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ገብቼ ቅርጫቱን በፈታኞቹ ጠረጴዛ ላይ ገለጥኩት፤ ሁለቱ የተጠበሱ ኩዮች በድንቹ መሐል ጥርሳቸውን አግጥጠው ታዩ። «ይህን አባቴ ለአበልጃቸው ልከውት ነበር። እኔ የክርስትና ልጃቸው ነኝ፤ እሳቸው እዚህ ተቀምጠው አልፈተንም» አልኩ። ዶክተር ሌዮንሲዮ «አቅፌ ያስጠመቅኳት ልጅ አበደች!» ብለው ብድግ ሲሉ፣ ሰብሳቢዋ እመቤት «ዶክተር፣ ባርኔጣዎን እንዳይረሱ» አሏቸው። ወጡ።

ቦታው ለኤድልሚራ ሆነ፤ እኔ ሁለተኛ ወጣሁ። ሥራዋን አይቻለሁ፤ በልጣኛለች።

«በአበልጄ ፊት አዋረደችኝ፤ ሲሳይዋን በእግሯ ረገጠች» ማለትዎን ሩፊኖ ነግሮኛል። አባቴ፣ ስለዚህ ነገር ይቅርታ አልጠይቅም። ጎርፍ የጎረቤታችንን የድንበር ድንጋይ ገፍቶ ማሳችንን ባሰፋው ጊዜ፣ ማንም ሳያይ ተሸክመው ወደ ቦታው የመለሱት እርስዎ ነዎት፤ የመለኪያውን ገመድ ይዤ የተከተልኩዎት እኔ ነኝ። ያን ቀን ያስተማሩኝን ዛሬ በአንድ ቅርጫት ሊያስረሱኝ አይችሉም።

በላ ፓዝ ሌላ የምርምር ቦታ ወጥቶ አመልክቻለሁ። አንድም የማውቀው ሰው የለም፤ ደስ ያለኝም ስለዚሁ ነው። እባክዎን፣ ለማንም ምንም አይላኩ።

ወንድሜን ክሌሜንቴን፣ አክስቴን ፓውላን፣ የተቆጡኝንም ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። የእናቴን እጅ እስማለሁ፤ ኩዮቹን ውጤት ስንጠብቅ ከኤድልሚራ ጋር ደጅ ላይ ተቀምጠን እንደ በላናቸውና አጥንት እንኳ እንዳልተረፈን ይንገሩልኝ። ባዶውን ቅርጫት ሩፊኖ ያመጣልዎታል። መላክ ካልቀረ፣ ለእኔ ከላይኛው ማሳ ውርጭ ያልገደለውን መራራ ድንች ለዘር ይሙሉበት፤ ምርምሬ በእርሱ ላይ ነውና። እርሱ ይመሰክርልኛል።

ልጅዎ ሳቢና
አሬኪፓ፣ ጁላይ 14 ቀን 2019