የሌባው ቅጠል

ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርሳ

የአይጦቹ እብጠት ሟሸሸ።

ውድ እማማ ሀጂራ፣

ይህን ላስቀድም ብዬ ነው ሰላምታውን ያዘገየሁት። እንዴት ሰነበቱ? ደሴ ተስማማዎት? ስልክ ላይ ድምፅ ስለማይሰማዎት፣ ልጅዎ ሉብና እንድታነብልዎ ጻፍኩ። የቅጠሉን ስም ግን እንደተስማማነው ወረቀት ላይ አላሰፍርም።

መስከረም ላይ ግራና ከተማ ቤትዎ ስመጣ የአንዲት ሴትዮ ቁርጭምጭሚት እያሰሩ ነበር። ወልድያ የላብራቶሪ ሠራተኛ እንደሆንኩ፣ በአርባ አራት ዓመቴ ሁለተኛ ዲግሪ እንደጀመርኩ፣ ጥናቴም እብጠት በሚያጠፋ ቅጠል ላይ እንደሆነ ነገርኩዎት። ሙቀጫው ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅጠል ነበር፤ አንድ እፍኝ ሰፊ፣ አንድ ቁንጥር ጠባብ። መድኃኒቱ የትኛው ነው ስልዎ በአገጭዎ ሰፊውን አሳዩኝ። ጠባቡ ለሽታ የገባ መስሎኝ አልጠየቅኩም።

ሰፊውን አደረቅኩ፣ ፈጨሁ፣ በአልኮል ዘፈዘፍኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የአይጡን እግር በመርፌ ወግተን እናሳብጣለን፣ የቅጠሉን ጭማቂ እንቀባዋለን፣ እብጠቱ መጉደሉን በየሰዓቱ እንለካለን። አልጎደለም። ደገምኩት። አልጎደለም። አማካሪዬ ዶክተር እየሩሳሌም «ማሩ፣ ርዕስ ቀይር፤ ጊዜህ እያለቀ ነው» አለችኝ።

ጥር ላይ ተናድጄ መጣሁ። በረንዳዎ ላይ አራት ሕመምተኞች ተቀምጠው ሳለ «እማማ፣ ቅጠልዎ ውሃ ነው» አልኩዎት። ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩም። ይኸው አሁን ጠየቅኩ።

እርስዎ አልተቆጡም።

«የትኛውን ነው የምትዘፈዝፈው?»

«ሰፊውን።»

«እሱማ የሌባው ነው።»

ብዙነሽ የምትባለው የሲሪንቃዋ ሴትዮ ያበጠ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። እርስዎም ሳቁ። ከዚያ ጓሮ ወስደው አስረዱኝ፤ መድኃኒት ሰው እያየ ሲወቀጥ የማይረባ ቅጠል ይበዛበታል፣ ሊሰርቅ የመጣ እሱን ሰርቆ ይሄዳል። አባትዎ ያስተማሩዎት እንዲህ ነው።

«እኔ እኮ ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

«ሌባም መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ልጄ።»

አራት ወር ሙሉ የፍየል ቀለብ ስዘፈዝፍ ከርሜያለሁ።

ከዚያ ጠባቡን በጥሰው አሳዩኝ። «አባቴ፣ ከዘር ውጭ ለሰው ካሳየሽው ይከዳሻል ብሎኛል» አሉኝ። «ሉብና አልማርም አለች። እኔን ደግሞ ደሴ ልትወስደኝ ነው። ከከዳኝ ንገረኝ። ወላሂ፣ እንዳትደብቀኝ።»

እሺ አልኩ። ነገሩን አቅልዬው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሉብና ደወለች። ጉልበትዎ አብጦ ከአልጋ እስከ በር እንኳን በሰው ትከሻ እንደሚሄዱ፣ ቅጠሉ ከጓሮዎ ተልኮልዎ ሳለ ግን አላስርም እንዳሉ ነገረችኝ። «መክዳቱን በገዛ ጉልበቴ ላይ ማየት አልፈልግም ትላለች» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዲግሪው ማሰብ ተውኩ።

ትናንት ለካን። የትኛው ሣጥን ውስጥ ያሉት አይጦች ጠባቡን እንደተቀቡ ለዶክተር አልነገርኳትም፤ ስትለካ እንዳታዳላ ነው። መደበቅ እኔም ለምጃለሁ። በአራተኛው ሰዓት አንዱን ሣጥን ለካችና «እብጠት የለም ይላል፤ መለኪያው ተበላሽቷል» አለች። ሌላ መለኪያ አመጣን። ያው ነው። ዝርዝሩን አወጣሁ። የጠባቡ ሣጥን ነው። ለማወዳደሪያ ሌላው ሣጥን ከተቀባው የፋርማሲ ቅባት ያነሰው በጥቂት ብቻ ነው።

ዶክተር ጋወኗን አውልቃ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። ዘበኛው ሙስዐብ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ማን ወለደ?» አለ።

«አይጥ ዳነ» አልኩት።

«ታዲያ እልል በሉ እንጂ» ብሎ ራሱ እልል አለ። የወንድ እልልታ አያምርም፤ ግን አላስቆምነውም።

ሰው ላይ ገና ብዙ ሥራ ይቀራል፤ ዶክተር ይህን አጥብቃ ነግራኛለች። እርስዎ የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው። ከዘርዎ ያልሆንኩ እኔ ለቀምኩት፣ እኔ ፈጨሁት፣ እኔ ቀባሁት። ሠራ። አልከዳዎትም፣ እማማ።

ዛሬ ጠዋት ለሚቀጥለው ዙር ግራና ሄጄ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቅጠል ለቅሜ መጣሁ። ከቀትር በፊት ወልድያ መድረስ አለበት፤ ዶክተር እየጠበቀችኝ ነው። ይህን የምጽፈው መርሳ መናኸሪያ ተቀምጬ ነው። ከቅጠሉ ጥቂት ከደብዳቤው ጋር ለደሴ ሹፌር ልሰጥ ብዬ አነጋገርኩት።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለአንዲት እናት። እምቢ ካሉ ለምነህ ጉልበታቸው ላይ እንዲያስሩት አድርግ።»

«እኔ የገዛ እናቴን ኪኒን ማስዋጥ አቅቶኛል። ራስህ ና፣ አንድ ቦታ ቀርቶኛል።»

የወልድያው መኪና ሞተር አስነስቷል፤ ረዳቱ እየጠራኝ ነው። ለዶክተር ከመንገድ እደውልላታለሁ። ቅጠሉ ቢጠወልግ ነገ ሌላ እለቅማለሁ። ማዳበሪያውን ተሸክሜ ወደ ደሴው መኪና ልሻገር ነው።

ማሩ