ከሳህኑ ሥር ያለች ጉብታ

ሰኔ 14 ቀን

ለጉንዳኗ ልጄ፣

ጽሕፈቱ ተንጋዶ ስታዪ አትደንግጪ፤ ደህና ነኝ። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህሩ ነበር፤ ዛሬ እስክሪብቶውን ራሴ ይዣለሁ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናትሽ ናት። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ፤ የሚያርመኝ የለም።

ስለ ሥራሽ የጻፍሽውን መምህሩ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። ከፀጉር የቀጠነ ሞላ፣ እሱ ላይ የተንጠለጠለች አቧራ የምታህል ሳህን፣ ከሥሯ የማትነቃነቅ ሌላ ሳህን። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ የታችኛዋ የላይኛዋን ትስባለች፣ ሞላው ይመልሳል። የክፍተቱን ሲሶ ካለፈች ግን ሞላው አይችላትም፤ ጥብቅ ትላለች፣ ኤሌክትሪኩ ቢጠፋም አትላቀቅም። መምህሩ "አባባ፣ ይሄ ለእኛ አይገባንም" አለኝ። ለአንተ ይሆናል አልኩት። አርባ ዓመት ሚዛን የጠገነ ሰው ሞላ ይጠፋዋል?

ሞላውን ብታጠነክሪው ኤሌክትሪኩ አይበቃም፣ ብታለሰልሺው ትጣበቃለች ብለሻል። ስሚኝማ። የሥጋ ሻጩ ሚዛን ታጥቦ እርጥብ ሳህኑ ከታች ካለው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ አልነሣም ይል ነበር። ሦስት ጊዜ ሞላ ቀየርኩለት፤ ሰውዬው ሙያዬን ሰደበ። ለካ ጥፋቱ የሞላው አይደለም። ቆርቆሮውን ከሥር በምስማር መትቼ አንዲት ጉብታ አወጣሁ፤ ሳህኑ ልጥፍ ብሎ መተኛቱ ቀረ። አንቺም ጉብታ አብጂላት። አለቆችሽ ከየት አመጣሽው ካሉሽ ከአባቴ በዪ። ቀድመው የሚያውቁት ከሆነ ግን እንዳትነግሪኝ።

አሁን ወደ ነገሬ። በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ "አባዬ፣ ፈቃድ ሲሰጡኝ ልምጣ ወይ?" ብለሽ ነበር። መምህሩ ምን ብዬ ልጻፍ ሲለኝ፣ በሰው ፊት ልጄን አልለማመጥም ብዬ "እንደፈለግሽ በላት" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ይኸው ነው፣ አባባ?"

"ይኸው ነው።"

መልሱን ፖስታ ቤት ራሴ ወሰድኩት፤ ማኅተም ሲመታበትም ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ድምፅሽ የለም።

ደብዳቤሽን አሁን በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነባለሁ። ሲሶዋ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ያለሽበት አገር ስቦ ስቦ ከሲሶው አሳልፎሽ ይሆን እላለሁ። ሞላ መልሶ መሳብ እንጂ "እንደፈለግሽ" ማለት አያውቅም፤ ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የክፍልሽን መስኮት ጠግኜዋለሁ። የውጭው በር ማጠፊያ ድሮ እንደምታውቂው ይጮሃል። ዘይት አጠጣሁትና ዝም አለ። በማግስቱ ዘይቱን መልሼ ጠረግኩት፤ የከፈተው ሰው እንዲሰማኝ ብዬ።

እጅሽ አይንቀጥቀጥ። ያቺን ቅንጣት የሚያይ ዓይን መንገድም አይጥፋው። እናትሽ ባለችበት ትጠብቅሽ።

አባትሽ፣ ሚዛን ጠጋኙ

ደግሞ "እንደፈለግሽ" የሚለውን ሰርዢው። በቦታው የሚገባውን ቃል እዚህ ታች ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ፋቅኩት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ብታነሺው ይታይሻል።